ጃርቷና የአዋልዲጌሳ ነጭ ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት ጃርት ሆዷ ከገፋ በኋላ ቤት አጣች። ዘመኗን የኖረችበትን ጉድጓድ ወደ ወንዝ የሚወርዱ ከብቶች ረግጠው ደረመሱባት። ያን ሰዓት እሷ ሥር ፍለጋ ወጥታ ስለነበር ነፍሷ ተረፈ። ተመልሳ የአፈሩን ክምር ስታይ መጀመሪያ «ተመስገን» አለች፤ ቀጥላ ግን «የት ልወልድ ነው?» አለች። ሰኔና ሰኞ ገጠመ የሚባለው እንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሆዷን እየጎተተች መንገድ ጀመረች። ሸለቆው ሰፊ ነው፤ ከላይ ቀይ ገደል፣ ከታች አሸዋ የተኛበት ደረቅ ወንዝ፣ መሐሉ ግራርና ኩይሳ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሙቀቱ ሲበረታ በዚያ አገር ምድሩ ከሩቅ ውሃ መስሎ ይንሳፈፋል፤ ግራሮቹም ሥር እንደሌላቸው ሁሉ አየር ላይ ይቆማሉ። ጃርት በቀን የምትተኛ ፍጥረት ናት። እንቅልፏን በእግሯ እየሄደች ስለነበር የትኛው ዛፍ የእውነት፣ የትኛው የሕልም እንደሆነ መለየት አቃታት። አንዱን ግራር ልትደገፍ ጠጋ ብላ አየር ደግፋ ወደቀች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን እውነተኛ ግራር ሥር እውነተኛ ጉድጓድ አገኘች። አፉ ሰፊ፣ ወለሉ ደረቅ፣ ከጎርፍ መንገድ ፈንጠር ያለ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚቆፍር አዋልዲጌሳ ብቻ ነው። አዋልዲጌሳን አይታችሁ የማታውቁ እንደሆነ፣ ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ጥፍሩ ዶማ የሆነ አውሬ ነው፤ ምስጥ ይበላል፣ መሬት ይቆፍራል፣ ሌላ ሥራ የለውም። በዚያ ሸለቆ እሱ በቆፈረው ጉድጓድ ያልተጠለለ የለም፤ ያመሰገነውም የለም።

ጃርት በወጉ መሠረት ደጃፉ ላይ ቆማ ተጣራች።

«ቤቶች!»

ዝም።

«ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ!» አለች ማለዳ መሆኑን ረስታ። ሦስተኛም ጠራች። የመለሰላት የራሷ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ደክሞት ነው የመጣው።

ገባች። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ቤቱ ባዶ እንዳልሆነ አየች። አንድ የድኩላ ቁርበት ወለሉ ላይ ተነጥፏል። አንገቱ የተሰበረ ቅል ግድግዳውን ተደግፏል። በስተግራ ጥግ ደግሞ ለትንሽ አካል ልክ የሆነች ጎድጓዳ መኝታ ተቆፍራለች፤ መሐሏ ላይ እንቁላል የሚያህል ነጭ ድንጋይ ተቀምጧል። ሁሉም አቧራ ለብሷል።

ጃርት ደስታዋ ግማሽ ሆነ። የሸለቆውን ሕግ ታውቃለች፤ ሕጉን የሚጠብቀው ዕድሜውን ራሱም የማያውቀው አባ ኤሊ ነው፤ ሕጉ ደግሞ አጭር ነው። ባዶ ቤት፣ ቀድሞ ጎኑን ላሳረፈበት ነው። ዕቃ ያለበት ቤት ግን ባለቤት አለው፤ የገባበት ሁሉ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ የመጣ ዕለት ተነስቶ ይወጣል። የሰውን ዕቃ አውጥቶ የጣለ ደግሞ ከነዘሩ ከሸለቆው ይሰደዳል።

«እንግዳም ብሆን ዛሬን ልረፍ» አለችና ቁርበቱ ላይ ተጋደመች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሕልም መጣ። በሕልሟ ሌላ ሆነች። ጆሮዋ ረዘመ፣ እሾሁ ሁሉ ከጀርባዋ ወረደላት፣ ቀለል አላት። ትቆፍራለች፤ መሬቱም እሺ ይላታል። ከጎኗ አንድ ትንሽ ነገር ይተነፍሳል።

«እማ» ይላል ትንሹ፣ «ዝናብ ድምፁ ምን ይመስላል?»

«በበጋ ስለተወለድክ ነው የማታውቀው። ስትሰማው ታውቀዋለህ» ትለዋለች።

«ብሰማውና ባላውቀውስ?»

«እኔ እነግርሃለሁ። ድንጋይህን አቅፈህ ተኛ።»

ጃርት ስትነቃ ከንፈሯን ትልስ ነበር፤ አፏ ምስጥ ምስጥ ይላል። «እፍ! እፍ! እኔ ሥር በሊታ ነኝ፣ ምስጥ ምን አገባኝ!» ብላ ተፋች። ግን ልቧ ውስጥ አንድ ሙቀት ቀረ። በሰው መኝታ የተኛ የሰው ሕልም ያልማል ይሉ ነበር አሮጊት ጃርቶች፤ እሷ እስከዚያ ቀን ለማስፈራራት የሚሉት ይመስላት ነበር።

ዕለቱን ወደ ማታ ገደማ እመት ቀበሮ መጣች። እመት ቀበሮ የምትኖረው ከላይ ገደሉ ላይ ባለ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ይወርድባታል። ይህንን ጉድጓድ ካየችው ሁለት ዓመት አልፏታል። ነገር ግን እንግዳ ሆና መግባት ክብሯ አይፈቅድላትም፤ ዕቃውን አውጥታ እንዳትጥል ደግሞ ስደቱን ትፈራለች። ስለዚህ እጁን የሚያቆሽሽላት ሌላ ሰው ትጠብቅ ነበር።

«እንዴት ዋልሽ የኔ እህት! እንኳን ለቤት አበቃሽ!» አለች ከደጅ።

«ቤቱስ የሰው ነው፤ ዕቃ አለበት» አለች ጃርት።

«ዕቃ! ቁርበትና ሰባራ ቅል ዕቃ ተብሎ? ከድንጋዩ ጋር ቢደመር አንድ ቆቅ አይሸከመውም?»

ሳትገባ ድንጋይ መኖሩን በምን አወቀች ብላ ጃርት አልጠየቀችም። ሆድ ሲገፋ ሐሳብም ይከብዳል።

ቀበሮ ደፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ድምጿን አለሰለሰች። «ለአንቺ አዝኜ ነው። እስቲ አስቢው፤ ወልደሽ፣ የልጆችሽ እሾህ ገና ሳይጠነክር፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ባለቤቱ መጥቶ ‹ተነሺ ውጪ› ቢልሽ የት ትገቢያለሽ?»

 ጃርት ይህንኑ ነበር ቀኑን ሙሉ ላለማሰብ ስትታገል የዋለችው።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ቤቱን ባዶ አድርጊዋ!»

«የሰው ዕቃ ልጣል? ልሰደድ?»

«ማን ጣይው አለሽ? ቁርበቱ አቧራ ጠጥቷል፣ ፀሐይ ላይ አስጪው። ማስጣት ወንጀል ነው እንዴ? በዚህ መንገድ ደግሞ አያ ጅቦ ያልፋል። የበላው እሱ፣ ያሰጣሽው አንቺ። የጣለው የታለ?»

ነገሩ ሲሰማ ጥሩ ነበር። የቀበሮ ምክር ሲሰማ ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

በማግስቱ ጃርት ቁርበቱን እየጎተተች አውጥታ ድንጋይ ላይ ዘረጋችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ወገቡን እየሰበረ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው በሚያውቁት አገር ስለነበር መነጠፉም ቀርቶበት ለመብላት ተዘጋጀ።

«ይሄ ቁርበት የማን ነው?» አለ ምራቁን እየዋጠ።

ጃርት ወደ ደጃፉ አፈገፈገች።

«የማንም ካልሆነ የእኔ ነው።»

«የማንም አይደለም አላልኩም» አለች በቀጭን ድምፅ።

«የማን እንደሆነም አላልሽም» አለና መሐሉን ገመሰው። በዕድሜው የተናገረው አንድ ብልህ ነገር ይህ ነበር፤ እሱ ግን እያኘከ ስለነበር አላስተዋለውም።

በማግስቱ ጃርት ባዶ ወለል ላይ ተኛች። ሕልሙ መጣ፤ ግን ሳስቶ ነው የመጣው። ትንሹ አጠገቧ አለ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን የለም። «ምን አልክ? ምን አልከኝ ልጄ?» ብትለው እሱም አልሰማትም። ነቅታ ብዙ ሰዓት ቁጭ አለች። የሌላ ሰው ልጅ ናፈቃት፤ መናፈቋም አሳፈራት፤ ድምፁን ማን እንዳስበላው ታውቃለችና።

ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ጥቁር ደመና ብቅ አለ፣ ሆዷንም ቆረጥ አደረጋት። ቀበሮም ሰዓቷን ታውቃለች፤ ከች አለች።

«ቅሉስ?»

«ቅሉ ይቆይ። ባይሆን…»

«ደመናውን አላየሽውም?»

ጃርት ደመናውን አየች፤ ፍርሃቷ አሸነፋት። ቅሉን በአፍንጫዋ እያንከባለለች አወጣችው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ አያ ጅቦም አጥንት መስሎት ሲነክሰው ስባሪው ከንፈሩን ቀደደው። «ይሄ አጥንት መቅኔ የለውም!» ብሎ እየተነጫነጨ እስከ መጨረሻው አደቀቀው። ያን ቀን በቀትር እንቅልፏ ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም። ከሩቅ አንድ ትንሽ ትንፋሽ ይሰማል፤ እሱም ሊጠፋ ተቃርቧል።

«እንግዲህ የቀረው ጠጠሩ ነው» አለች ቀበሮ በማግስቱ ማለዳ መጥታ። «እሱን ለጅቦ አትስጪው፣ ጥርሱን ይሰብርና ሸለቆውን በጩኸት ያምሰዋል። ከሰዓት በኋላ ራስሽ በአፍሽ ይዘሽ ወንዝ ድረስ ውረጂና ጣይው። ስትመለሺ ቤቱ ያንቺ ነው።»

የቀበሮን ተንኮል እናንተ ሳታዩት አልቀራችሁም። ጃርት ድንጋዩን ይዛ ስትወጣ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ደጅ ናት። ባዶ ቤት ቀድሞ ጎኑን ላሳረፈበት ነው። ጃርት ግን አላየችውም። እሷ የምታየው ደመናውን ብቻ ነበር።

«ከመውጣቴ በፊት አንዴ ልተኛ» አለች። ትልቁ ወለል ላይ ሳይሆን ትንሿ ጎድጓዳ ጥግ ሄዳ፣ ገላዋ ስለማይበቃት ጭንቅላቷን ብቻ አስገብታ፣ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

ሕልሙ ሙሉ ሆኖ መጣ።

ውጭ ነጎድጓድ ይላል። ጎድጓዳዋ ባዶ ናት፤ ትንሹ በዕድሜው አንድ ጊዜ ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ሰምቶ፣ ምን እንደሆነ ሊያይ ሮጦ ወጥቷል። እናቱ ተከትላ ሮጠች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ጎርፉ ቀድሟት ደርሷል፤ ዳር ዳሩን እየሮጠች ተጣራች፣ ውሃው ከድምፅዋ በላይ ጮኸ። ውሃው ሲጎድል ወደ ቤት ተመለሰች። ድንጋዩን አንስታ በምላሷ አጠበችው፣ መሐል ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው፣ ከዚያም ልጇን እንደምታናግር አናገረችው።

«ልጄ፣ ከመጣህና ካጣኸኝ፣ ልፈልግህ ወጥቼ ነው። ጥዬህ አልሄድኩም። ድንጋይህ እዚህ እስካለ ድረስ ቤቱ ያንተ ነው።»

ወጣች፤ ዞራም አላየችም፤ ዞራ ብታይ መሄድ እንደማትችል ጃርት በራሷ ሆድ ውስጥ ታወቃት።

ጃርት ስትነቃ ደጁን ነጠብጣብ መምታት ጀምሯል። ምጧም መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ገና ከሩቅ። ድንጋዩን አየችው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለች ለራሷ። «ሳላውቅ የሰው አደራ ላይ ነው የተኛሁት። ሜዳ ላይ እወልዳለሁ እንጂ ይቺን ድንጋይ አላነሳም!»

ይህንኑ ለቀበሮ ልትነግራት ባዶ አፏን ይዛ ከቤት ወጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ እንደሄደች ከኩይሳው ጀርባ አንድ ቀይ ነገር ተወርውሮ አልፏት ገባ።

«ባዶ ቤት አገኘሁ! ጎኔን አሳረፍኩ! ምስክር ይጠራልኝ!» ብላ ቀበሮ ከውስጥ ጮኸች። ከመቸኮሏ የተነሳ የጃርትን አፍ እንኳ አላየችም ነበር።

አባ ኤሊ ዝናብ ሲሸተው መውጣት ይወዳልና ሩቅ አልነበረም። ቢሆንም ኤሊ ኤሊ ነው፤ እስኪደርስ ጃርት ዝናብ እየመታት፣ ምጧን ጥርሷን ነክሳ እየቻለች ቆመች። አያ ጅቦም ጩኸት ባለበት ምግብ አይጠፋም ብሎ መጣ።

«ድንጋዩን ይዛ ወጥታለች አባ!» አለች ቀበሮ። «ቤቱ ባዶ ነበር!»

አባ ኤሊ ገባ፤ ጥግ ጥጉን በአፍንጫው ዳሰሰ፤ ግራው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ድንጋዩ እዚህ አለ» አለ። «ቤቱ ባለቤት አለው። እመት ቀበሮ፣ ውጪ።»

«እንግዲያው የእሷም አይደለም!»

«የእሷም አይደለም። እንግዳ ናት። አንቺ ግን እንግዳ እንኳ አይደለሽም፤ ‹ቤቶች› ብለሽ አልተጣራሽም።» ከዚያ አንገቱን ወደ ጃርት አዞረ። «ቁርበትና ቅል ነበረ። የት አለ?»

አያ ጅቦ አገሳ።

ጃርት ሁሉንም በጅብና በቀበሮ ልታላክክ ትችል ነበር፤ ግማሹም እውነት በሆነ ነበር። «እኔ ነኝ ያወጣሁት አባ» አለች። «ፈርቼ ነው።»

ሽማግሌው ብዙ አሰበ፤ ዝናቡም በዚያ ልክ ወረደ። «እንዲህ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ባለቤቱ ሲመጣ በገዛ አፍሽ ትነግሪዋለሽ። ይቅር ካለሽ ጥሩ፤ ካላለሽ ከነልጆችሽ ከሸለቆው ትወጫለሽ። እስከዚያው ግቢ፣ ምጥ ላይ ነሽ።»

ጃርት ያን ዕለት ሁለት ልጆች ወለደች። እሾሃቸው ገና ለስላሳ ነበር። ነጩ ድንጋይ ካለበት ጎድጓዳ አራቀቻቸው፤ የሌላ ልጅ ቦታ ናትና።

እመት ቀበሮ ግን ቂሟን ይዛ ገደሏ ላይ አላደረችም። አገር አቋርጣ ሄደች፤ ምስጥ ካለበት ኩይሳ፣ ኩይሳ ካለበት ጉድጓድ እያለች የቤቱን ባለቤት አፈላለገች፤ በሰባተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ አዋልዲጌሳ አገኘች። ስለ ግራሩ፣ ስለ ደጃፉ ነገረችው። አዋልዲጌሳው መቆፈሩን አቆመ።

«የልጅነት ቤትህን ጃርት ይዛብሃለች» አለችው። «ዕቃህንም ለጅብ አብልታዋለች። ናና አስወጣት!»

እየመራች አመጣችው። ዝናብ እያካፋ ነበር። ቀበሮ ከደጅ፣ ውሃው በማይደርስበት በኩል ተቀመጠች፤ ጃርት ተባርራ፣ ባለቤቱም ድንጋዩን ይዞ ሲሄድ ባዶውን ቤት ለመውረስ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አስቀድማለች። አያ ጅቦም ከኋላዋ ነበረ፤ ለምን እንደመጣ ግን አያውቅም።

«ቤቶች!» አለ አዋልዲጌሳው።

ጃርት ልጆቿን ሆዷ ሥር ሰበሰበች። ድምፁ ወፍሯል፤ ግን የሕልሟ ትንሽ መሆኑን አወቀች። 

«ማን ልበል?»

«በዚህ ቤት ትቼው የሄድኩት ነገር ነበረኝ እሜቴ።»

«ምልክቱን ንገረኝ ልጄ።»

«በስተግራ ጥግ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ነጭ ድንጋይ ነበረኝ… አገጬ ሥር አድርጌው ነበር የምተኛው።»

«ግባ» አለችው። ቀጥላም፣ ፍርሃቷ ሳይቀድማት፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። «ድንጋይህ አለ። ቁርበቱና ቅሉ ግን የሉም፤ አውጥቼ ለጅብ ያስበላሁት እኔ ነኝ። ዝናቡን ፈርቼ፣ ቤቱን ተመኝቼ ነው። ውጪ ካልከኝ እወጣለሁ።»

አዋልዲጌሳው ገብቶ ጎድጓዳዋ አጠገብ ቆመ። አሁን አንድ እግሩን እንኳ አታስገባም። ጎንበስ ብሎ አሸተታትና፣

«ይሸት ነበር?» አለ።

«ምኑ?»

«ቁርበቱ። የእናቴን ጠረን።»

ጃርት ከዚህ የከበደ ፍርድ አልጠበቀችም። «ይሸት ነበር» አለችና አለቀሰች። እሾህ እንጂ እንባ አልተሰጣትም የሚሏት ጃርት እስኪበቃት አለቀሰች።

«ጎርፉ ማዶ አወጣኝ» አለ እሱ፣ ለድንጋዩ የሚናገር ይመስል። «ከማዶ ሆኜ ጠራኋት፣ አልመጣችም። ውሃው ሲጎድል የቤቱ መንገድ ጠፋኝ። ሰምታ ተወችኝ ወይስ አልሰማችኝም እያልኩ ነው ያደግሁት። አምና ከሁለት ወንዝ ማዶ የእሷን አቆፋፈር የመሰለ ጉድጓድ አገኘሁ። ግማሹ ላይ ቆሟል። እናቴ ጀምራ የተወችው ጉድጓድ ኖሮ አያውቅም፤ እዚያ እንዳለቀች ገባኝ። ወዴት እየሄደች እንደነበር ግን አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ጃርት።

ቀና ብሎ አያት።

«በመኝታዋ ተኝቼ ሕልሟን አልሜአለሁ። ቁርበቷን ልመልስልህ አልችልም፤ ቃሏን ግን ልስጥህ። ይቺን ድንጋይ በምላሷ አጠበቻት። እንዲህም አለች፦ ‹ልጄ፣ ከመጣህና ካጣኸኝ፣ ልፈልግህ ወጥቼ ነው። ጥዬህ አልሄድኩም። ድንጋይህ እዚህ እስካለ ድረስ ቤቱ ያንተ ነው።› ጠርታሃለች ልጄ፤ ውሃው ነው የጮኸባት። ወዳንተ እየመጣች ነበር።»

አዋልዲጌሳው ረጅም አፍንጫውን ጎድጓዳዋ ውስጥ ቀብሮ ቆየ።  ከደጅ አያ ጅቦ ነገሩ ሳይገባው «ኧረ ሌላ ቁርበት የለም ወይ?» ቢል ቀበሮ በክርኗ ጎሰመችው።

«እሜቴ» አለ አዋልዲጌሳው ቀና ሲል፣ «ይቅር ብያለሁ። እኔ ቤት አላጣሁም፤ በሄድኩበት እቆፍራለሁ። ይህን ቃል ግን በየትም ቆፍሬ አላገኘውም ነበር። ድንጋዩን አውጥተው ቢጥሉት ኖሮ፣ ባዶ ቤት አይቼ ‹እውነትም ጥላኝ ሄዳለች› ብዬ እመለስ ነበር።»

ድንጋዩን በአፉ አነሳው፤ በዝናቡም ውስጥ ወጣ።

ያን ጊዜ ቤቱ ባዶ ሆነ። ቀበሮ ለሁለት ዓመት የጠበቀችው ቅጽበት ይኸው መጣላት፤ ጎኗን ልታሳርፍ ተወርውራ ገባች። ግን ባዶ ቤት ቀድሞ ጎኑን ላሳረፈበት አይደል? ጃርት ከልጆቿ ጋር ተኝታ ነበር። መነሳት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ጀርባዋን ብቻ አዞረች። እመት ቀበሮ አፍንጫዋ ላይ ሦስት እሾህ ተክላ እየጮኸች ወጣች፤ አያ ጅቦም ጩኸት ባለበት ምግብ አይጠፋም ብሎ ተከተላት።

ጃርት ልጆቿን አንድ በአንድ አንስታ በትንሿ ጎድጓዳ ውስጥ አስተኛቻቸው። ልካቸው ነበረች። ውጭ ዝናቡ በርትቶ ግራሩን ይመታል።

«እማ» አለች ታናሿ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነው ልጄ» አለች ጃርት። «እኔ አለሁ፣ ተኚ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የቀደመ ሰው በቤት ትቶት የሄደው ነገር ለእኛ ጠጠር ቢመስልም ለአንድ ልጅ የእናቱ ቃል ሊሆን ስለሚችል፣ የማን እንደሆነ ያላወቅነውን ከመጣል አደራ ብለን ብንጠብቀው ቤቱም በረከቱም ለእኛ እንደሚሆን ነው።